የዚያ ዘፈን ጊታር

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። የደበቁኝ ሰዎች ሁሉ ለምን እንደደበቁኝ ሲጠየቁ «አንተን ማን ደፍሮ ይነግርሃል?» እያሉ ጥፋቱን ወደ እኔ ያዞሩታል። እንዳትሰሟቸው። ቁጡ ሰው ሃያ ጊዜ ቢቆጣም ሃያ አንደኛው ላይ ይበርድለታል፤ እነሱ ግን አንዴም አልሞከሩኝም።

ወልድያ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከባጃጅ ጠጋኞች ጎን፣ ጊታር የማስተምርባት አንዲት ክፍል አለችኝ። በሯ ላይ የዚያ ዘፈን ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ከሥሩ «ጊታሩን የተጫወተው መምህር እዚህ ያስተምራል» ይላል። የዘፈኑን ስም እዚህ አላነሳውም። ሮክ የሚባል ሙዚቃ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል፤ የማይወድም በሚኒባስ ሲሄድ ሳይወድ በግዱ ሰምቶታል። ዘፋኙ የመርሳ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መንዙማ ሲል ያደገ፣ ጉሮሮው እንደ ጡሩንባ የሆነ። መድረክ ላይ ሲዘልና ሲጮህ አገር ያውቀዋል። ያ ዘፈን የሚጀምረው ግን በእሱ ድምፅ አይደለም፤ በጊታር ነው። በአምባሰል ቅኝት የሚሄድ፣ ቀጠን ያለ፣ ቆም እያለ የሚያስብ የሚመስል ጊታር ነው፤ ድምፁ እስኪገባ ድረስ ለብቻው ይቆያል። በሲዲው ልባስ ላይ «ጊታር» ከሚለው ቃል ጎን የተጻፈው ስም የእኔ ነው።

ያ ስም ምን እንዳደረገልኝ ልንገራችሁ። አማቴ «ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም» ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሲመልሱ ኖረው፣ ዘፈኑ በሬዲዮ ሲወጣ ነው የተለሳለሱት። «እሱ ነው እንዴ ይሄን የሚመታው?» አሉ አሉ። ወልድያ ላይ ሠርግ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እኔን ሆነ። በዚያ በክፉው ጊዜ ከተማው ሲሸሽ ሚስቴ ብርድ ልብስና ዱቄት ስትሸከም እኔ የያዝኩት ጊታሬን ነው። እስካሁን ትሰድበኛለች። ምን ላድርግ፣ በዓለም ላይ የኔ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ያ የጊታር መግቢያ ነበር። ልጅ እንኳ ሲያድግ የራሱ ይሆናል።

ከዘፈኑ በፊት ሦስት ነበርን። እሱ ይዘፍናል፣ እኔ ጊታር፣ ሦስተኛው ጓደኛችን ከበሮ። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ያልደረስንበት ሠርግ የለም፤ ሲሪንቃ፣ መርሳ፣ ከመንገዱ ገባ ብለው ያሉት ቀበሌዎች ሳይቀሩ። የሠርግ ጊታር ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። ዝም ካለ ጨፋሪው ይቆማል፣ ጨፋሪው ከቆመ ደጋሹ ያኮርፋል። ስለዚህ አውራ ጣቴን ወፍራሙ ክር ላይ አደርግና ከጭብጨባው ጋር እኩል እመታዋለሁ፦ ድም፣ ድም፣ ድም። ሌሎቹ ጣቶቼ ዜማውን ሲሠሩ እሱ ጭብጨባውን ይይዛል። ዓመታት ስለሠራሁት አውራ ጣቴ ሳላዘው ይመታል፤ ቁም ብለውም አይሰማኝም።

ዘፋኙ ምሳ ሲቀርብ ከመብላቱ በፊት ጊታሬን አንስቶ ጥግ ይይዝና ይነካካ ነበር። ከእኔ እየለመደ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ሁለት ጊዜ ጣቱን ይዤ አስተካክዬለታለሁ። ወይ ነዶ!

ከዚያ ሰው አገኘና ሲዲ ሊያሠራ አዲስ አበባ ሲሄድ ሁለታችንንም ይዞን ሄደ። እኔ በሁለት ቀን ውስጥ ድርሻዬን ቀዳሁ። የስቱዲዮው ሰውዬ «ጥሩ ነው» አለ። ዘፋኙ እጄን ይዞ «ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ» አለኝ። በማግሥቱ እናቴ ታማ ተደወለልኝና በሌሊቱ አውቶብስ ልመለስ ስል ጊታሬን ከእጄ ወሰደው። «ጣራ ላይ ይሰበርብሃል፣ እኔ አመጣልሃለሁ» አለ። እናቴ ሳምንት አልቆየችም። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ እያለሁ ጊታሬ መጣልኝ፤ ስድስቱም ክር በአዲስ ተቀይሮ። በዚያ ሐዘን ውስጥ እንኳ ልቤ ተነካ። ኋላ ለሚስቴ ስነግራት «ወንድም ማለት እንዲህ ያለ ነው» ብያታለሁ።

ዘፈኑ ወጣ፣ አገር ያዘ። እሱ እዚያው ቀረ፣ ታወቀ። እኔ ወልድያ ክፍሌን ከፈትኩ። ተማሪ ሁሉ የሚመጣው ያንን መግቢያ ሊማር ነው። አስተምራቸዋለሁ፤ ትንሽ ከገፉ በኋላ ግን ሁሉም አንድ ነገር ያመጣሉ።

«ጋሼ፣ በዘፈኑ ላይ እኮ ይሄ ድም ድም የለም።»

«ማነው የተጫወተው? አንተ ነህ እኔ?»

«አይ፣ እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ምታ! እሱን በማሽን አጥርተውት ነው።»

አምኜ ነው እንዲህ የምላቸው። እውነቴን ነው፤ ስቱዲዮ የማያደርገው ነገር የለም ሲባል ሰምቻለሁ። አንዲት ነርስ ተማሪ ነበረችኝ፤ ጆሮዋ ጥሩ ነው፣ አሁን ሳስበው ከሁሉም ጥሩ ነበር። አንድ ቀን «ድም ድሙ ባይኖር እኮ ያምራል» ብትለኝ «እንዲያ ከሆነ ዘፋኙን ሄደሽ ተማሪ» ብዬ ከነወንበሯ አስነሳኋት። ተመልሳ አልመጣችም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ከበሮ መቺያችን መርሳ መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን ይሸጣል። ያን ቀን ለራሴ ጉዳይ መርሳ ወርጄ ሱቁ ገባሁ። ቤቱ ሞቅ ሞቅ ብሏል፤ ልጁ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልታገባ ነው። ይቺው ሙሽራ ልጁ ድሮ ስልኩ ውስጥ የነበረች ሚሞሪ ካርድ አግኝታ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ስልክ ገልብጣለታለች። «ና እስኪ፣ እንዴት ከስተን እንደነበር ተመልከት» ብሎ አጠገቡ ሳጥን ላይ አስቀመጠኝ። እየሳቅን ፎቶ እናያለን። እኔ ባለ ትልቅ ፀጉር፣ እሱ ባለ ሹራብ። ፎቶ ሲያልቅ ቪዲዮ ጀመረ።

ያ ስቱዲዮ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቡናማ ጨርቅ አልጠፋኝም። ጊታሩ የኔ ነው፤ ሆዱ ላይ የለጠፍኩት ጥቁር ፕላስተር ይታያል። ጊታሩን የያዘው ዘፋኙ ነው። አንገቱን ደፍቶ ያንን መግቢያ ይጫወታል። ድም ድም የለም። አውራ ጣቱ ክሩን ሳይነካ ከላዩ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ዜማው ይሄድና ይቆማል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። ከካሜራው ጀርባ የራሱ የከበሮ መቺው ድምፅ «አቦ ይሄ ነው! እንዲህ ነው የሚባል!» ይላል። የስቱዲዮው ሰውዬ «ጓደኛችሁ ሲሰማስ?» ሲል ዘፋኙ ቀና እንኳ ሳይል መለሰ።

«አትንገሩት። ስሙም እንዳለ ይሁን። በቃ የሱ ነው።»

ጓደኛዬ ስልኩን ሊነጥቀኝ ሲል እጁን ያዝኩት። ቪዲዮው እንዳለ መርሳቱ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ላብ በላብ ሆነ።

«ወላሂ ልናስከፋህ ፈልገን አይደለም» አለኝ።

«አሥራ አምስት ዓመት?»

«እሺ መቼ እንንገርህ? በሄድክ በማግሥቱ ቀዳው፤ አንተ ያኔ እናትህን ታስታምማለህ። ከዚያ ቀበርክ። ለለቀስተኛ ጊታርህ አላማረም ተብሎ ይነገራል? ከዚያ ዘፈኑ ወጣ፣ አገር ሁሉ እጅህን ሳመህ፣ አገባህበት፣ በር ላይ አጻፍከው። በየት በኩል እንግባ?»

«በር ላይ ሳላጽፈው በፊት!»

«ይሉኝታ ያዘን።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ የሚጥለው ክፉ ፈረስ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ደጋግ ናቸው እኮ! ክፉ ቃል ላለመናገር ሲሉ ሰው ቤት ሠርቶ እስኪገባበት ድረስ ዝም የሚሉ። እርር ድብን አልኩ። ሱቁን በአፌ ባቃጥለው በወደድኩ፤ ልጁ ግን ጓሮ ሆና ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች። እሱም በአገጩ ወደ እሷ ጠቆመኝ።

«ለሠርጉ እሱም ይመጣል። የልጄን ቀን አታበላሽብኝ፣ የኔ ወንድም። አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፣ ማልልኝ።»

ማልኩለት። ለልጅቷ ብዬ ነው።

ወልድያ ተመልሼ ለሚስቴ ነገርኳት። ነገሩን ስጀምር እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት አስቀመጠች፤ ስጨርስ ግን አልገረማትም። እኔ የምጠብቀው «አበስኩ ገበርኩ!» እንድትል ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

«የከበሮ መቺው ሚስት ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«የመጀመሪያ ልጃችንን ሳረግዝ።»

የመጀመሪያ ልጃችን አሁን ድምፁ ጎርንኗል። «ምን ብዬ ልንገርህ?» አለችኝ እንባዋ እየመጣ፤ «ያንን ዘፈን ስትሰማ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን አታውቀውም።» አዘነችልኝ ማለት ነው። በየሠርጉ፣ በየበዓሉ፣ ዘፈኑ ሲመጣ እኔ አንገቴን ቀና ሳደርግ እሷ እያየች ታዝንልኝ ነበር። እንኳን ባሏ ጎረቤቷ ቢሆን እንዲህ ይደረጋል? አማቴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እሳቸውም ያወቁ እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ፈራሁ።

ያን ሰሞን ማንንም አላስተማርኩም። በሩን ዘግቼ በጆሮ ማዳመጫ ዘፈኑን ሰማሁት። የራሴ ነው ብዬ ስሰማው አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ለካ። የሌላ ሰው ነው ብዬ ስሰማው ግን እያንዳንዷ ጣት ትታወቃለች። ጥሩ ነው። ያቃጠለኝም ያ ነው፤ መጥፎ ቢሆን ይቅር እላቸው ነበር። በየቃለ መጠይቁ «እኔ ጊታር አያያዙንም አላውቅ፣ የዘፈኑ ጊታር ባለቤት ወልድያ ነው ያለው» እያለ የሚስቀው ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ አንዴ መድረክ ላይ ጊታር ይዞ ቢጫወት ጆሮ ያለው ሁሉ ያንን እጅ ይለየዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ፣ ስለ እኔ ብሎ፣ አሥራ አምስት ዓመት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ማን ለመነው? እኔ ለምኜዋለሁ? ሲመቸው ቀበረኝ፣ ሲያሳዝነው ደግሞ አብሮኝ ተቀበረ፣ እኔን ግን አንዴ እንኳ አላማከረኝም።

ሠርጉ ደረሰ። መርሳ፣ ከጓደኛችን ቤት ፊት ለፊት ዳስ ተጥሎ፣ ከምሳ በኋላ ነው። እሱ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሲገባ ዳሱ ሙሉ ስልኩን አወጣ። ሰውን ሁሉ አልፎ ወደ እኔ መጣና ትከሻዬን ሳመኝ፤ «እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ልጆች ሰላም ናቸው?» አለ። ሰላም ናቸው አልኩት። ከዚያ ማይክ ሰጡት።

«የዘፈኑ ጊታር ባለቤት እዚሁ አለላችሁ! እሱ ሳይጀምርልኝ አልዘፍንም!»

ሰው ጮኸ። ከበሮ መቺው ከሙሽሮቹ አጠገብ ሆኖ በዓይኑ ለመነኝ። ቃል እንዳልተነፍስ ምያለሁ፤ አልተነፈስኩም። ጊታሬን ይዤ ተነሣሁ፣ በሰው መካከል አለፍኩ፣ ማሰሪያውን በዘፋኙ አንገት አጠለቅኩለት።

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ኧረ እኔ ምን አውቄ!» አለ እሱም እየሳቀ፣ ሊያወልቀው ሲል እጄን ማሰሪያው ላይ አሳረፍኩ። «ይሞክር! ይሞክር!» አለ ዳሱ። መነጽሩን አወለቀና አየኝ። እኔም አየሁት። ማወቄን ያኔ አወቀ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሰው ፊት፣ በራሱ እጅ፣ እውነቱን እንዲያወጣው። ልዋረድ፣ ግድ የለኝም፤ ግን ከእንግዲህ ማንም አይዘንልኝ።

አንገቱን ደፋ። የመጀመሪያዋን መታ፤ ያቺው የቪዲዮዋ ናት፣ ቀጠን ያለች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተ፣ አሁን ነው አልኩ።

ከዚያ አውራ ጣቱ ወረደ። ድም፣ ድም፣ ድም።

የኔ ነው። በኔ አውራ ጣት ነው የሚመታው። ሐረጉ መጨረሻ ላይ የምቸኩላትን ችኮላ፣ ሦስተኛው ክር ላይ የምስታትን ስህተት፣ አንዷንም ሳይተው። በየሠርጉ ከአጠገቡ ተቀምጬ ስመታ ምን እመስል እንደነበር በዚያች ደቂቃ ነገረኝ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ኧረ ይሄ በርሜል ነው የሚደበድበው! ለባለቤቱ ስጠው!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም «ለባለቤቱ! ለባለቤቱ!» እያሉ ተቀበሉት።

«አላልኳችሁም?» አለ ዘፋኙ እጁን አንስቶ፣ እየሳቀ። ማሰሪያውን ሲያጠልቅልኝ ጆሮዬ ሥር መጣ። «አፉ በለኝ» አለኝ፤ «አፉ በለኝ፣ ወንድሜ።» ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ልመታው ወይስ ላቅፈው አላወቅኩም። መናገር እችል ነበር። ማይኩ እዚያው፣ ከአፌ አንድ ክንድ አይርቅም። መሐላዬንም ቢሆን ማን ይታዘበኛል? ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ እየጠበቀ ነው፤ ሚስቴም ከሴቶቹ መካከል ቆማ ታየኛለች፣ ያንን የምታዝንልኝን ፊቷን ይዛ።

ተጫወትኩ። ሌላ አጨዋወት አላውቅም፤ ድም፣ ድም፣ ድም፣ እስከ ችኮላዬ። ሰው ከአውራ ጣቴ ጋር እኩል ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እሱ ያንን ጉሮሮውን ከፍቶ ገባበት። ሲያልቅ ቅድም «በርሜል ነው» ያለው ሰውዬ ሰው እየገፋ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ። «ልክ እንደ ዘፈኑ!»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሸቱ የእነሱ ነበር።

«አዎ» አልኩት።